ጾሙን በምን ፈታችሁት?

ልጆቼ፣ ዘንድሮ በዐቢይ ጾም ያየሁትን ዝም ብዬ ባልፍ የምጠየቅበት ይመስለኛል። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሰዓቱ 9 አልፎ፣ ነጠላችሁን እንዳጣፋችሁ በቀጥታ የሄዳችሁት ድንች ጠባሾቹ ዘንድ ነው። መጥበሻው ላይ ያለው ዘይት ከጠዋት ጀምሮ ሲንፈቀፈቅ ውሎ ጠቁሯል፣ ወፍሯል። ነጭ ዳቦ ይሰነጠቃል፣ ድንቹ ይጠቀጠቅበታል፣ ዳጣ ይቀባል፣ እርጥብ ይባላል። ከጎኑ አንድ ለስላሳ። በአንድ እጅ ስልክ፣ በአንድ እጅ እርጥብ፣ ቆሞ መዋጥ። ቀኑን ሙሉ ባዶውን ለዋለ አንጀት የመጀመሪያው ጉርሻ ይኼ ነው?

ሥጋና ወተት እንዳልነካችሁ አውቃለሁ። አልጾማችሁም አላልኩም። ግን ነቢዩ ዳንኤልን አስቡት። እሱና ሦስቱ ወጣቶች ከባቢሎን ንጉሥ ማዕድ አንቀምስም ብለው ጥራጥሬና ውኃ ብቻ ለ10 ቀን ተሰጣቸው፤ በመጨረሻም ፊታቸው ከሌሎቹ ሁሉ አምሮ ታየ። እነሱም እንደ እናንተ ልጆች ነበሩ። አባቶቻችን የሠሩልን የጾም ገበታ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ጎመኑ፣ ሱፉ፣ ተልባው ነው። እናንተ ገበታውን ትታችሁ ክልከላውን ብቻ ያዛችሁ።

ከዚያ ማታ ቤት ስትገቡ እሰማችኋለሁ። ጨጓራዬን፣ ሆዴ ደረቀ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ደበረኝ፣ ምንም አያስደስተኝም። ይኼን ሁሉ እርጥብ አመጣው አልልም፤ የሥራ ማጣቱም፣ የኑሮ ውድነቱም አለ። ግን ሆድና አእምሮ ሩቅ ለሩቅ አይደሉም። ከስሜትና ከእንቅልፍ ጋር የተያያዘው ሴሮቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ከ100 እጅ 90 ያህሉ የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው። ያ በቀጥታ ወደ አንጎል አይዘልቅም፤ ነገር ግን አንጀትና አንጎል ቫገስ በሚባል ረጅም ነርቭ ሌት ተቀን ይላላካሉ። አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ የሚመገቡት እኛ መፍጨት ያቃተንን የእህልና የአትክልት አሰር ነው። ከእሱ የሚያወጡት ነገር የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል፣ የሰውነትን መቆጣት ያበርዳል። አሰሩ በምስር፣ በባቄላ፣ በጎመን፣ በጤፍ ሞልቷል፤ በነጭ ዳቦ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በፈረንጆቹ 2017 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አለ፤ የመራችው ፌሊስ ጃካ የምትባል ተመራማሪ ናት። ከባድ ድብርት የያዛቸውን 67 ሰዎች ለሁለት ከፍላ ለ12 ሳምንት ተከታተለች። አንዱ ወገን የሚያጫውተው ሰው ተመደበለት፤ ሌላው ወደ ጥራጥሬ፣ ወደ አትክልትና ወዳልተፈተገ እህል እንዲመለስ ታገዘ። አመጋገባቸውን ካስተካከሉት ሲሶ ያህሉን ድብርቱ ለቀቃቸው፤ ከሌላው ወገን ግን ከ100 እጅ 8ቱን ብቻ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ብዙዎቹም ሕክምናቸውን አላቋረጡም ነበር። ቢሆንም ለእኔ ቤት ገበታ እንግዳ ነገር አልነገረኝም።

እናቴ ስልጆ የምትጥለው ዘወረደ ሳይገባ ነበር። ሱፉን ቀቅላ ትወቅጠዋለች፣ በውኃ አሽታ በነጭ ጨርቅ ታጠልለዋለች። ነጩ ውኃ እሳት ላይ ሲንተከተክ የባቄላ ዱቄቱን እፍኝ በእፍኝ ትነሰንሳለች፤ ማማሰሉ የእኔ ነው፤ ከተጓጎለ ወዮልኝ! ሲበርድ ሰናፍጩን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ጤና አዳሙን ጨምራ በታጠነ ማሰሮ ከድና ጓዳ ታስቀምጠዋለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ክዳኑ ሲነሣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። አባቴ ከቅዳሴ ሲመለስ ትሪው ይቀርባል። እንጀራው ላይ ስልጆ፣ ጎመን፣ ክክ፤ ከጎኑ በማር የተበጠበጠ ተልባ። አባቴ ባርኮ ሳይቆርስ እጁን የሚሰድ ልጅ አልነበረም። የዕለቱ ወሬ የሚወራው፣ የተኮራረፈ የሚታረቀውም እዚያው ትሪ ላይ ነበር። የእናቴን እጅ አሁንም አያለሁ፤ ጣቶቿ በሰናፍጭ ቢጫ ሆነው።

ዛሬ ኮልፌ ውስጥ ስልጆ የቀመሰ ወጣት ስንት አለ? እንጀራችን ከነእርሾው ቀናት ሲቦካ ብረቱ ለሰውነት ይቀላል፤ ያቦኩት ሕያዋን ግን ምጣድ ላይ ሲጋገር ይሞታሉ። ስልጆ ከቦካ በኋላ እሳት አይነካውም፤ ሕያው እንደሆነ ነው የሚበላው። አሜሪካ ውስጥ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 36 ጤነኛ ሰዎችን ይዘው፣ ከመካከላቸው ለ10 ሳምንት የቦካ ምግብ አብዝተው የበሉት የአንጀታቸው ባክቴሪያ ዓይነት እንደበዛ፣ የሰውነታቸውም መቆጣት እንደቀነሰ በ2021 አሳተሙ። ፈረንጅ እርጎውንና የቦካ ጎመኑን ሲፈልግ፣ እኛ በጾም ላይ ለጾም የተሠራውን ስልጆ ጥለን በጠቆረ ዘይት ለተጠበሰ ድንች እንሰለፋለን! ዘይት ደጋግሞ ሲሞቅ ይበላሻል፤ አንዱ ጠርሙስ ለስላሳም ከ30 ግራም ያላነሰ ስኳር አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለቀኑ በሙሉ ቢቻል ከ25 ግራም አትለፉ ይላል።

ገንዘብ የለንም ትሉኛላችሁ። ጤፍ መወደዱን አውቃለሁ፤ እኔም ከወፍጮ ቤት ነው የምመለሰው። ግን አየር ጤና መንገድ ዳር ቆሎና ንፍሮ የሚሸጡት እናቶች ከእርጥብ ሻጩ አሥር እርምጃ አይርቁም፤ አልፋችኋቸው ነው የምትሄዱት። ጫትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ መዋጡንም ተዉ፤ ደጉንም የአንጀት ባክቴሪያ ነው የሚፈጀው። ለሙስሊም ጎረቤቶቼ ልጆችም የምለው ይኸው ነው፤ ስታፈጥሩ ከቴምሩና ከሾርባው ሳንቡሳው አይቅደም።

አንድ ነገር ግን እንዳታምታቱብኝ። ሳምንታት ያለፈው ድብርት፣ መኖር ያስጠላው ሰው፣ ስልጆ ብላ ተብሎ አይሸኝም። ይዛችሁት አማኑኤል ሆስፒታል ሂዱ። ጸሎቱንም ጸበሉንም ከመድኃኒቱ ጋር አድርጉት፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ስልጆው እስኪኮመጥጥ ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ ባቄላው በሐምሌ 20 ገደማ ተፈጭቶ መገኘት አለበት፤ ማሰሮውም በደንብ ይታጠብ፣ ይታጠን። እናቶቻችሁ ካላወቁበት አያቶቻችሁን ጠይቁ። አያት የሌላችሁ እኔ ቤት ኑ፤ ሱፉን እኔ አዘጋጃለሁ፣ ማማሰሉ የእናንተ ነው።