አገር የሚፈጅ በርበሬ

ከመካከላችን የአንዱ አክስት ከእኅታቸው ልጅ ጋር ሆነው አሜሪካ ያለችውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው ነበር። መንገድ ላይ አውሮፕላን በሚቀይሩበት ከተማ የእጅ ሻንጣቸው ለፍተሻ ተከፈተ። ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በርበሬ፤ ላስቲክ በላስቲክ ላይ ተደርቦ የታሰረ። ፈታሹ ቀዩን ዱቄት አንሥቶ ምን እንደ ሆነ ጠየቀ። ሴትዮዋ ጨዋታ አዋቂ ናቸውና ፈገግ ብለው፣ «ይሄማ አገር ይፈጃል በይው!» አሉ። ልጅቱ ክው አለች። ወዲያው ወደ ሰውየው ዞራ፣ «ቅመም ነው» ብላ ተረጎመች። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ አሳለፋቸው።

ይህን ታሪክ በሰማንበት ማታ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። ልጅቱ ደግ አደረገች ወይስ ዋሸች? አክስቷን አዳነቻቸው ወይስ አፋቸውን ነጠቀቻቸው? «ፈጀ» የምትለው ቃላችን ምላስንም ትፈጃለች፣ ሰውንም ትፈጃለች፤ የትኛዋ እንደ ተፈለገች አማርኛ ሰሚ ከተናጋሪው ፊት ያነባል። በሌላ ቋንቋ ግን ከሁለቱ አንዷን መርጦ ሌላዋን መጣል ግድ ነው፤ ፍተሻ ላይ ደግሞ መጥፎዋ ከተመረጠች አለቀ።

አንዳንዶቻችን ጥፋቱን ሁሉ በቋንቋ ላይ ጣልን። ኧረ ቢሆንማ በቀለለ! እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ፣ በዚያን ጊዜ ሮቢን ሁድ ይባል የነበረው የዶንካስተር አውሮፕላን ማረፊያ በበረዶ ተዘጋ። ፍቅረኛውን ሊያይ ቀን ይቆጥር የነበረ አንድ ወጣት ተናደደና፣ ከሳምንት ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ሰጥቻችኋለሁ፣ ካልተስተካከላችሁ ማረፊያውን ሰማይ ላይ እበትነዋለሁ የሚል ነገር ትዊተር ላይ ለወዳጆቹ ጻፈ። በእኛ አገር ይህ ፉከራ ነው፤ ለፉከራም ቢበዛ ጠጅ ይቀዳለታል እንጂ መዝገብ አይከፈትለትም። የማረፊያው ኃላፊዎች ጽሑፉን ከቀናት በኋላ አግኝተው፣ የሚታመን ዛቻ አይደለም ብለው መደቡት፤ ይሁን እንጂ ደንብ ነውና ለፖሊስ አስተላለፉት። ልጁ ተያዘ፣ ሥራውን አጣ፣ 385 ፓውንድ መቀጫና ኪሣራ ተፈረደበት። ፍርዱን ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሰረዘለት በ2012 ነው። ልብ በሉ፤ ሁሉም እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ነገሩ የተበላሸው ቀልዱ የገባው ሰው ጠፍቶ ሳይሆን፣ የገባው ሰው «ገብቶኛል» ብሎ ጉዳዩን የሚዘጋበት ሥልጣን ስላልነበረው ነው።

ታዲያ ደንቡ የጅል ደንብ ነው ማለት ነው? በዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን አፋችንን ሞልተን ለመናገር ይከብደናል። በኅዳር 1989 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን 961ኛው በረራ ወደ ናይሮቢ ሲሄድ በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ቦምብ ይዘናል አሉ፤ ቦምብ የተባለው በኋላ እንደ ተነገረው የመጠጥ ጠርሙስ ነበር። ዋናው አብራሪ ልዑል አባተ ነዳጁ አውስትራሊያ አያደርሰንም ቢላቸው ግን አላመኑትም። አውሮፕላኑ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። ሐሰቱ ታምኖ እውነቱ እንደ ጨዋታ ተቆጠረ። ይህን የሚያስታውስ ሰው «ቦምብ» የሚባለው ቃል በፍተሻ ሰልፍ ላይ ለሣቅ ሲነሣ ጥርሱ ባይታይ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ጠላፊ ሐሳቡን ለፈታሽ ቀልዶ አይነግርም። ቀልድን መከልከል ጠላፊን አይዝም፤ ፈታሹን ከመፍረድ ያሳርፈዋል እንጂ። ማሳረፉ ደግሞ ክፋት የለውም። ቀኑን ሙሉ ሻንጣ ሲከፍት የሚውል ደመወዝተኛ የሰውን ሁሉ ፈገግታ እየመረመረ ይፍረድ ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ በፈታሹ ፊት ላይ የሚወረወረውን ቀልድ ጀግንነት ብለን አናወድሰውም፤ ሰውየው መልሶ መቀለድ አይችልማ።

ሣቁ የሚገባው ለደንብ አውጪው ነው። አሜሪካዊው ቀልደኛ ጆርጅ ካርሊን ገና በ1999 መድረክ ላይ ወጥቶ በአውሮፕላን ማረፊያ ጥበቃ ላይ እንዳሻው አላግጧል። በ2001 መጨረሻ አንድ ሰው ጫማው ውስጥ ፈንጂ ይዞ ተሳፍሮ ተያዘ፤ በ2006 ተጓዡ ሁሉ ጫማውን እንዲያወልቅ በአሜሪካ ግዴታ ሆነ፤ እስከ 2025ም ሕዝብ በካልሲ ቆመ። የጥበቃ ነገር ዐዋቂው ብሩስ ሽናየር በ2003 ባወጣው መጽሐፉ፣ አደጋን ሳይሆን ስጋትን ብቻ የሚቀንሰውን ጥበቃ «የጥበቃ ቴአትር» ይለዋል። ቴአትር ከሆነ ደግሞ ተመልካች የመሣቅ መብት አለው። የጫማውን ደንብ ሣቅ አስነሣው አንልም፤ አናውቅም። ዝምታም ግን አላስነሣውም።

የሚያንገበግበን ሌላ ነው። ካርሊን የቀለደው በገዛ ቋንቋው፣ ለገዛ ወገኑ፣ ትኬት አስቆርጦ ነው። የእኛን ፓስፖርት የያዘ ሰው ሰልፉ ጋ ሲደርስ ጨዋታውን ከቀበቶውና ከሳንቲሙ ጋር ሣጥኑ ላይ ያኖራል። ቀበቶው በወዲያኛው በኩል ይመለስለታል። አክስታችን የተሳሳቱት ይህን ባለማወቃቸው ነው፤ በሄዱበት ሁሉ ሰው ሆነው የሚታዩ መሰላቸው። ልጅቱም «ቅመም ነው» ያለችው ይህን ስለምታውቅ ነው፤ ለዚያች ሰዓት ልክ ነበረች እንላለን። ሁላችን አይደለንም፤ አንዱ ጓደኛችን እስካሁን፣ «ሰውየው ቢሥቅስ ኖሮ? ዕድሉን ማን ሰጠው?» እያለ ይሞግተናል።

ሴትዮዋ ከተመለሱ ወዲህ ታሪኩን ለጎረቤት ሁሉ ያወራሉ። «አገር ይፈጃል ብለው፣ አንዲት ጥርስ እንኳ አላሳየኝም! ፈረንጅ እኮ ጨዋታ አያውቅም» ይላሉ። ልጅቱ ቡና እየቀዳች ዝም ትላለች።