የጎብኚው ዐይንና የተሸካሚው ጀርባ

ውበትን መመልከት በራሱ ንጹሕ ተግባር ነውን? ጥያቄው ሲነሣ «በማየት የተጎዳ ማን አለ?» ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው። ተራራ ቢያዩት አይጎድል፣ ደመና ቢያደንቁት አያልቅ። የፀሐይ መጥለቅን ቆሞ የሚመለከት ሰው ከማንም ጉሮሮ የነጠቀው ነገር ያለ አይመስልም። ይሁን እንጂ ሰው ወደ ውበት የሚደርሰው በመንገድ ነው፤ መንገዱን የጠረገ፣ ጓዙን የተሸከመ፣ የሚታጠብበትን ውሃ ያመጣ ሌላ ሰው አለ። እንግዲያስ የሚመረመረው ተራራው ሳይሆን መንገዱ ይሆናል። ነገሩን በረቂቁ ከማውጠንጠን ይልቅ አንድ የታወቀ ሥፍራ ይዞ ማየት ይሻላልና፣ በሰሜን ህንድ በሂማላያ ተራሮች ትከሻ ላይ የተቆረቆረችው ሺምላ ለዚህ ትበቃለች።

ወደ ሺምላ የሚወጣ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ከካልካ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1903 የተከፈተው ጠባብ የባቡር ሐዲድ 96 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ፣ ከ100 በላይ ዋሻዎችንና ከ800 በላይ ድልድዮችን አልፎ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ወደሚበልጥ ከፍታ ያደርሳል። የሜዳው ወላፈን ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በመስኮቱ የጥድ ሽታ ይገባል፤ ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣብቆ የወጣ መንገደኛ ሹራብ ይፈልጋል። ይህ ደስታ የውሸት ደስታ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በዴልሂ ሙቀት ሲያስተምር ወይም በቢሮ ሲጽፍ የከረመ ሰው አምስት ቀን ብርድ ቢያምረው ሊወቀስ አይገባውም።

ከዋሻዎቹ ሁሉ ረጅሙ ባሮግ የሚባለው ሲሆን ከ1100 ሜትር በላይ ይዘልቃል። በአገሬው ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትረካ እንደሚለው፣ ባሮግ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ከሁለት ወገን ያስቆፈረው ዋሻ መካከል ላይ አልገጥም ብሎት በኀፍረት ራሱን ሲያጠፋ፣ ትክክለኛውን መሥመር ለተተኪው ያመለከተው ባልኩ የሚባል ፊደል ያልቆጠረ የመንደር ሰው ነው። ትረካ ትረካ ነው። ልብ የሚባለው ግን ዋሻውም ጣቢያውም እስከ ዛሬ የሚጠሩት በመሐንዲሱ ስም መሆኑ ነው። ለባልኩ በሺምላ የባቡር ሙዚየም የተሰየመለት አንድ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ነበር።

ሺምላ ከሌላው ከፍ ብሎ ለመቀመጥ የተሠራች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1864 የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች የሙቀት ወራት መዲናቸው አደረጓት። በየዓመቱ ሙቀቱ ሲበረታ የመንግሥቱ ጽሕፈት ቤት፣ መዝገቡ፣ ጸሐፊው፣ አሽከሩ ሁሉ ከካልካታ ከ1500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይህን ተራራ ይወጣ ነበር። ሐዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት ደግሞ የመጨረሻው አቀበት የሚገፋው በጋሪ፣ በበቅሎና በሰው ጀርባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 የተጠናቀቀው የእንደራሴው ቤተ መንግሥት ውስጡ ከበርማ በመጣ ጣውላ ተለብጧል፤ ከአንድ ቅኝ አገር የተቆረጠ ዛፍ በሌላው ቅኝ አገር ተራራ ላይ ግድግዳ ሆነ ማለት ነው። ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1921 ከተማዪቱን ካየ በኋላ በጻፈው ጽሑፍ ያን መንግሥት በአምስት መቶኛው ፎቅ ላይ ከተቀመጠ ሰው ጋር ማመሳሰሉ ያለ ነገር አልነበረም። ከላይ ያለው ዋና ጎዳና የገዥዎቹ መናፈሻ ነበር፤ ነጋዴው፣ ጠራጊውና ተሸካሚው በታችኛው ገበያ ተጨናንቀው ይኖራሉ። የከተማዪቱ ሥነ ሕንፃ ራሱ የመደብ ልዩነት ካርታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያ ዘመን «በጋር» የሚባል ሥርዐት ነበር። ቃሉ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ «ገባር»ን ቢያስታውስም ከፋርስኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ያለ በቂ ዋጋ የሚሠራ የግዴታ ሥራ ማለት ነው። ባለሥልጣን ሲጓዝ፣ አዳኝ ሲወጣ፣ አውሮፓዊ ተጓዥ ተራራ ለማየት ሲያምረው፣ ከሺምላ ወደ ቲቤት በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖረው ገበሬ እርሻውን ጥሎ ጓዝ እንዲሸከም ይታዘዝ ነበር። በኮትጋር የሰፈረው አሜሪካዊው ሳሙኤል ስቶክስ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሆኖ ይህን ተቃወመ፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ባለሥልጣኖቹ እንዲያፈገፍጉ ተገደዱ። ስቶክስን ዛሬ ብዙው ሰው የሚያስታውሰው በአካባቢው ባስፋፋው የፖም ተክል ነው። ፖሙ ይጣፍጣል፤ የሸክሙ ታሪክ ግን ለምሳ ጨዋታ አይመችም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መቃወሚያ ይነሣል። «የዛሬው ጎብኚ ከዚህ ሁሉ ምን አለው? እንግሊዞቹ ሄደዋል። ቤተ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሊቃውንት የጥናት ተቋም ሆኗል። ዋናውን ጎዳና የሞላው የህንድ ሕዝብ ነው፤ አያቱ እንደ ልቡ ሊመላለስበት ባልቻለበት ቦታ የልጅ ልጁ አይስ ክሬም ይበላል። ይህ ድል እንጂ ወንጀል ነውን?» ይላል ተቃዋሚው። ድል ነው። ማንም የአባቱ ያልሆነውን ዕዳ፣ ይልቁንም በአባቱ ላይ የተፈጸመውን በደል፣ ክፈል ሊባል አይችልም። ነገር ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው መለወጡ ወንበሩን የተሸከመው ሰው ወርዷል ማለት አይደለም።

ዋናው ጎዳና ለተሽከርካሪ ዝግ ነው፤ ለእግረኛው ሰላምና ንጹሕ አየር ተብሎ የተደረገ መልካም ደንብ ነው። ከጎዳናው በላይና በታች ያሉት ቤቶች፣ ሆቴሎችና ሱቆች ግን በደረጃ ብቻ የሚደረስባቸው ብዙ ናቸው። ፍሪጁ፣ የጋዙ ሲሊንደር፣ ሲሚንቶው፣ የጎብኚውም ሻንጣ የሚወጣው በሰው ጀርባ ነው። ከተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ ከካሽሚር ለእንጀራ የመጡ፣ ቤተሰባቸውን ትተው በኪራይ ክፍል ተጋግዘው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ጎብኚው ከነዚህ አንዱን ፍሪጅ ተሸክሞ ሲያይ መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ ፎቶግራፍ ያነሣል። ተሸካሚውም ከደመናውና ከቤተ ክርስቲያኑ ማማ ጋር በአንድ ተርታ ይገባል፤ ትርኢት ይሆናል። ሻንጣው ሆቴሉ ደጃፍ ሲደርስ ደግሞ ያው አድናቂ በክፍያው ይከራከራል። ለአንድ ሌሊት አልጋ የተጠየቀውን ሳያቅማማ የከፈለ እጅ ለተሸካሚው ጥቂት ሩፒ ለመጨመር ለምን እንደሚከብደው የሥነ ልቡና ሊቃውንት ቢመረምሩት መልካም ነበር።

ሕሊናው የቆረቆረው ሌላ ጎብኚ በበኩሉ «ሰው አላሸክምም» ብሎ ሻንጣውን ራሱ ይዞ ይወጣል። ንጽሕናውን ጠብቋል፤ ተሸካሚው ግን የዕለቱን ራት አጥቷል። ኀፍረት ለባለቤቱ እፎይታ ይሰጥ ይሆናል እንጂ ማንንም አይመግብም። እውነቱ መነገር አለበት፦ የሺምላ ሕዝብ ብዙው የሚኖረው በጎብኚው ነው። ጎብኚ ያልመጣበት ወር ለሆቴሉ ባለቤት ኪሳራ፣ ለአስተናጋጁና ለተሸካሚው ረኀብ ነው። ስለዚህ «አትሂድ» የሚለው መልስ ቀላል የሚሆነው ላልተራበ ሰው ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የገንዘብ ጉዳይ ይመስል ነበር፤ ዋጋው ቢስተካከል የሚያልቅ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 የሆነው ግን ነገሩን ከሥሩ ገለጠው። ሺምላ ውሃ አጣች። ከታች ከሸለቆው በሞተር ተገፍቶ የሚወጣው ውሃ ከሚያስፈልገው ወደ ግማሽ ግድም ወረደ። ነዋሪው ባልዲና ጀሪካን ይዞ ሌሊት ጭምር ተሰለፈ፤ ሰልፉን የሚጠብቀው ፖሊስ ሆነ፤ ትምህርት ቤቶች ለቀናት ተዘጉ፤ የከተማዪቱ ዓመታዊ ፌስቲቫል ወደ ሌላ ጊዜ ተላለፈ። ፍርድ ቤት ገብቶ የቤት ግንባታና የመኪና ማጠብ ሥራ እንዲቆም፣ ለባለሥልጣን መኖሪያም በተለይ በቦቴ ውሃ እንዳይላክ አዘዘ። በዚያው ሰሞን ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ ለጎብኚዎች መልእክት አስተላለፉ፦ እባካችሁ አትምጡ።

ይህ ልመና ከብዙ የፍልስፍና መጽሐፍ ይልቅ የሚመዘን ነው። ገንዘብ የሌለውን ውሃ አይወልድም፤ ለሁለት የማይበቃ ባልዲ የቱንም ያህል ቢከፈልበት ለሁለት አይበቃም። የጎብኚው ገላ መታጠቢያና የነዋሪው ድስት ፊት ለፊት ቆሙ። አልጋውን ቀድሞ የከፈለ ሰው «መብቴ ነው» ሊል ይችላል፤ በውል ሕግ ዐይን ሲታይም ልክ ነው። ሆኖም «እንግዳ» እና «ደንበኛ» አንድ አይደሉም። ደንበኛ የከፈለበትን ይቀበላል፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ሒሳቡን ይጠይቃል። እንግዳ ግን በሌላ ሰው ቤት እንዳለ የሚያውቅ፣ ማድጋው ባዶ መሆኑን ሲያይ ውሃ አምጡልኝ ከማለት የሚታቀብ፣ ዛሬ አይመችም ሲባልም ሳይቀየም የሚመለስ ነው። የጉብኝት ኢንዱስትሪ በማስታወቂያው ሁልጊዜ «እንግዳችን» ይላል፤ የሚሸጠው ግን በማናቸውም ሰዓት እምቢ ያለመባልን መብት ነው። የእንደራሴው ባለሟሎች ተራራውን ሲወጡ ይዘውት የወጡት ስሜት ይኸው ነበር። ቅርሱ በቤተ መንግሥቱ ጣውላ ብቻ አልቀረም።

ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ በስተሰሜን በረዶ የለበሱት ጫፎች ይታያሉ። ጎብኚዎች በጎዳናው አጥር ተደግፈው ይጠቋቆማሉ። ከታችኛው ገበያ በሚወጣው ደረጃ ላይ አንድ ተሸካሚ ሲሊንደሩን በገመድ ጀርባው ላይ አጥብቆ ይመጣል፤ ዐይኑ ከእግሩ ፊት ካለችው ደረጃ አይነሣም፣ ቢነሣ ይወድቃልና። አጥሩ ጋ ሲደርስ ሸክሙን ያሳርፋል፤ ወገቡን ያቀናል፤ ላቡን በእጅጌው ይጠርጋል። ከዚያ እሱም ዘወር ብሎ በረዶውን ያያል።