ሕግ ራሱ ሲበድል

«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይላሉ አባቶቻችን። ሕግ የደካማ መጠጊያ ነውና አባባሉ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ እናንሳ፤ በዳዩ ራሱ ሕጉ ሲሆን ተበዳዩ ምን ብሎ ይጮኻል?

ለዚህ ጥያቄ የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ትልቅ መማሪያ ነው። በዚያች አገር የዘር መድልዎ የጀመረው «አፓርታይድ»ን መፈክሩ ያደረገው ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1948 ሥልጣን ሲይዝ አይደለም። ገና በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ ብዙኃኑ ጥቁር ሕዝብ መሬት ሊይዝ የሚችለው ከአገሩ 7 በመቶ ገደማ በሆነ ክልል ብቻ እንዲሆን ወስኖ ነበር። በ1950 የወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ ደግሞ እያንዳንዱን ሰው በዘር መድቦ መዘገበ። ምደባው ባጠራጠረ ጊዜ እርሳስ በጸጉር ውስጥ ሰክቶ ይወድቅ እንደሆነ ማየት አንዱ መለያ ነበር። በዚህ ሳቢያ የአንድ እናት ልጆች በተለያየ ዘር የተመዘገቡበት ጊዜ አለ። በ1953 የወጣው ሌላ ሕግም ለየዘሩ የተለየው የሕዝብ መገልገያ እኩል መሆን እንደማያስፈልገው በግልጽ ደነገገ። በ1966 ኬፕ ታውን ውስጥ ዲስትሪክት ሲክስ የተባለው ሰፈር የነጮች ብቻ ነው ተብሎ ታወጀ፤ ከ60,000 የሚበልጡ ሰዎች፣ ከነዚህም መካከል ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች፣ ከቤታቸው ተነቀሉ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ይህን የፈጸሙት ሽፍቶች አልነበሩም። መዝገብ የሚሞላ ጸሐፊ፣ የይለፍ ወረቀት የሚጠይቅ ፖሊስ፣ በወንበሩ የተሰየመ ዳኛ ነበሩ። እያንዳንዱም «የታዘዝኩትን ነው» ብሎ በሰላም ሊተኛ ይችል ነበር። አንድ ሰው በእጁ የሚፈጽመው ዙልም ባለቤቱ ይታወቃል፤ በወረቀት ላይ የተከፋፈለ ዙልም ግን ባለቤት የሌለው ይመስላል።

ዝም ያላሉም ነበሩ። የኬፕ ታውኑ ኢማም አብዱላህ ሃሮን በደሉን በግልጽ ይቃወሙ፣ የታሰሩ ሰዎችንም ቤተሰቦች ይረዱ ነበር። በ1969 ተይዘው ያለ ፍርድ 4 ወር ያህል ከታሰሩ በኋላ እዚያው ሞቱ። ፖሊስ «ከደረጃ ላይ ወድቀው ነው» አለ፤ በጊዜው ጉዳዩን የመረመረው ዳኛም የመውደቁን ነገር ተቀበለ። በ2023 ፍርድ ቤት ያንን ሽሮ ኢማሙ የሞቱት በፖሊስ ስቃይ መሆኑን ወሰነ። እውነት የፍርድ ቤት ማኅተም እስክታገኝ ከ50 ዓመት በላይ ፈጀባት፤ ማኅተም ባይኖራትም ግን በ1969ም እውነት ነበረች።

«ታዲያ ሁሉም የወደደውን ሕግ እየመረጠ ይታዘዝ ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። መለኪያው መውደድና መጥላታችን አይደለም። ሕጉ ሰውን የሚጠይቀው በሠራው ነው ወይስ በተፈጠረበት? ሕግ አውጪውስ ይህንኑ ለገዛ ልጁ ይወድለታልን? ግብር የከበደው ሰውና ቆዳው ወንጀል የሆነበት ሰው አቤቱታቸው አንድ አይደለም።

የምዝገባውና የመሬቱ ሕጎች በ1991 ተሻሩ፤ በ1994ም ዜጋው ሁሉ ዘር ሳይለይ መረጠ። ሆኖም ሕግ በአንድ ቀን ሲሻር የፈረሰ ቤት በአንድ ቀን አይቆምም። ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችን ሕግ እንዲያከብሩ ስናስተምር፣ «ይህ ሕግ በማን ላይ ይወድቃል?» ብለው እንዲጠይቁም እናስተምራቸው። ነገ ጸሐፊም፣ ፖሊስም፣ ዳኛም የሚሆኑት እነርሱ ናቸውና።