ባሕር ዳሮች፣ ስለ ሶፋችሁ ልናገራችሁ

ልጆቼ፣ ቁጣዬን ታግሳችሁ ስሙኝ። የምናገረው በጣና ዳር ሆቴልና መዝናኛ ለምትሠሩት ነው፤ ባሕር ማዶ ለፍታችሁ እዚህ ቤት ለምታስገነቡት ነው፤ ከነሱ አይታችሁ በብድር ለምትከተሉትም ነው። ገንዘቡ የላባችሁ ዋጋ ነው፤ መቀመጫችሁ ተመቸ ብዬ የምቀና ሽማግሌ አይደለሁም። የሚያስቆጣኝ የገዛ አገራችሁን ባለሙያ እጅ መናቃችሁ ነው። ንቀታችሁንም «ጥራት ፈልጌ ነው» በሚል ቃል ትሸፍኑታላችሁ።

እስቲ የዕቃውን መንገድ እንከተል። ሶፋው የሚሠራው ቻይና ፎሻን ነው፣ አለዚያም ቱርክ ኢኔጎል። ደላላው በስልክ ፎቶ ይልካል፣ እናንተ ቀለም ትመርጣላችሁ። ኮንቴይነሩ ባሕር ተሻግሮ ጅቡቲ ይራገፋል፤ ከዚያ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል፤ ከሞጆ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ እናንተ ዘንድ ይደርሳል። የጉምሩክ ቀረጥ አለበት፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ አለበት፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት፤ የትራንዚተሩ፣ የመጋዘኑ፣ የጫኝና አውራጁም አለ። ከከፈላችሁት ውስጥ ለእንጨቱና ለጨርቁ የዋለው ስንት እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያሰላ ከመካከላችሁ ማን ነው?

ዶላሩንም አስቡት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬውን ተመን ለገበያ ሲለቅ፣ በ38 ዓይነት ዕቃዎች ላይ የነበረው የውጭ ምንዛሬ ክልከላም አብሮ ተነሣ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ያው ዶላር መድኃኒት ይገዛል፣ ነዳጅ ይገዛል፣ ማዳበሪያ ይገዛል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ የክልላችን ገበሬ ማዳበሪያ አጣሁ ብሎ እዚሁ ከተማችን ድረስ መጥቶ ሲጮኽ በዓይናችሁ አይታችኋል። ያን ያየ ሰው ለአንድ ሳሎን መቀመጫ ያን ያህል የውጭ ምንዛሬ ሲያወጣ እጁ እንዴት አይንቀጠቀጥም?

ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶበት የመጣውን ብፌ ደግሞ መሳቢያውን ስባችሁ አውጡና ጀርባውን እዩት። ፊት ለፊት ያማረው እንጨት ከኋላ የለም። የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጋግሮ ሰሌዳ ሆኗል፤ ላዩ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ልባስ ተለጥፎበታል። ክረምት ገብቶ የሐይቁ እርጥበት በጠርዙ በኩል ሲሰርግ ሰሌዳው ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ አይመለስም። የብሎኑ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ማጠፊያው ይወልቃል፣ በሩ ያዘነብላል። ለአናጢ ብትወስዱት የሚይዘው እንጨት ስለሌለው አያድነውም። እርግጥ እውነተኛ ጠንካራ እንጨት የሚያስመጡ አሉ፤ ዋጋውን የሚችሉት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሌላው የሚገዛው ከውጭ መጣ መባሉን ነው።

ዋንዛ እኮ እዚሁ ደጃችሁ ያለ ዛፍ ነው! ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም፤ ለመጋዝም ለመላጊያም ይታዘዛል፤ ተለስልሶ ዘይት ሲነካው ቡናማ መልኩ ይወጣል። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚፈለፈለው ከሱ ነው፤ ባለሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣው ከሱ ነው። እንግዳ ሲመጣባችሁ በጀልባ ወደ ዘጌ ትወስዱታላችሁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስትገቡ ጣሪያና ሥዕል ብቻ አትዩ፤ መላእክት የተሣሉባቸው እነዚያ ትላልቅ የእንጨት በሮች ፊት ቆም በሉ። የዚህ አገር ሰው ጠርቦ የገጠማቸው ናቸው፤ ስንት ክረምትና ስንት እርጥበት አልፎባቸዋል። ዘጌ ዛፉ የተረፈው ገዳማቱ ማረስን ስለከለከሉ ነው። እኛስ? ዋንዛውን ቆርጠን በቦታው ባሕር ዛፍና ጫት ተከልን። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ እስኪከለክል ድረስ አደረስነው። ስለዚህ የዋንዛ ወንበር የሚመኝ ሁሉ መጀመሪያ ዋንዛ ይትከል። አያቱ ያልተከለለትን ለልጅ ልጁ ይትከልለት።

የንቀቱ ሥር ግን ከዛፍም ከዶላርም ይጠልቃል። ባለእጁን ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ቡዳ እያልን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ለዚህ ነው። ከሳቸው በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ ከዚህ ከጣና ምሥራቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ አሠርተዋል። በ1858 ዓ.ም. ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩ ያስጠየቁት ባለሙያና መሣሪያ ነው። አካሄዳቸው በከባድ ስሕተት የተሞላ እንደነበር አውቃለሁ፤ ምኞታቸው ግን ሙያው እዚህ እንዲቀር ነበር። እናንተ ባለ ስማርት ስልኮች ያን ምኞት እንኳ ጣላችሁት።

የከተማችሁንም ታሪክ ዘንግታችኋል። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ባሕር ዳር ላይ ፖሊ ቴክኒክ ሲቋቋም፣ ከጨርቃ ጨርቁ፣ ከብረታ ብረቱና ከኤሌክትሪኩ ጋር የእንጨት ሥራ ቴክኖሎጂ አንዱ የትምህርት ዘርፍ ነበር። አስፋልቱም ሆቴሉም ገና ባልሞላባት ትንሽ ከተማ ወጣቱ ስለ እንጨት አደራረቅና አገጣጠም በክፍል ውስጥ ይማር ነበር። ስድሳ ዓመት አልፎ በዚያችው ከተማ ሆቴል የሚከፍት ሰው የመመገቢያ ወንበሩን በኮንቴይነር ያስመጣል። ይህ ያሳፍራል። እኔን አሳፍሮኛል።

የውጭው ዕቃ ቤታችሁ ውስጥ የሚያደርሰውንም ልንገራችሁ። ሽማግሌ ነኝና ለዕርቅ እጠራለሁ። አንድ ጊዜ ከተጣሉ ባልና ሚስት ቤት ገባን። ሶፋው ከነፋብሪካ ላስቲኩ ነው፤ ስንቀመጥበት ይንኮሻኮሻል። ልጆቹ ሳሎን እንዳይገቡ ተከልክለው በኮሪደሩ በር ጫፍ ቆመው ያዩናል። ጠቡ ሲዘረዘር ለካ የዕቁቡ ዕጣ፣ የባንኩ ብድርና የወንድም አደራ ገንዘብ ሁሉ እዚያ ሶፋ ላይ ፈስሷል፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ግን አልተከፈለም። ልጆቹ በማይቀመጡበት ሶፋ ምክንያት ትዳር ሊፈርስ ነው። ሴትዮዋን ጠየቅኋት፤ «የእህቴ ሠርግ ሲደርስ ሰው ምን ይለናል ብዬ ነው» አለች። የሰው አፍ ፈርታችሁ ልጆቻችሁን አታስርቡ! ሰው የሚለውን ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ዕዳው እናንተ ጋ ያድራል።

እናንተ አናጢዎች፣ ስለናንተ የተከራከርኩ መስሏችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ተራው የናንተ ነው። ደንበኛው ወደ ፎሻን የሸሸው ለታይታ ብቻ አይደለም፤ ከናንተም ሸሽቶ ነው። ቀብድ ትቀበላላችሁ፤ «ቅዳሜ ና» ትላላችሁ፤ ቅዳሜ ሲመጣ ሌላ ቅዳሜ ትቀጥራላችሁ። ቀብዱን ለሌላው ሥራ እንጨት ትገዙበትና ሁለቱንም ታስቀይማላችሁ። ከሁሉም የከፋው እርጥብ እንጨት መሥራታችሁ ነው። ሳንቃ በጥላ ሥር ተደርድሮ፣ በየመካከሉ ቀጭን እንጨት ገብቶለት፣ ነፋስ እያገኘው ወራት መቆየት አለበት። ይህን የማያውቅ አናጢ የለም። እያወቃችሁ ግን ትናንት የተሰነጠቀውን ግንድ ዛሬ ትልጉታላችሁ፣ ቫርኒሽ ትቀቡታላችሁ፤ በጋ ሲመጣ ቁምሳጥኑ ይሰነጠቃል፣ መሳቢያው አልከፈት ይላል። ያ ስንጥቅ የሚያዋርደው እናንተን ብቻ አይደለም፤ ያገሩን ባለሙያ ሁሉ ስም ያጠፋል። የጌታ አሳዳጊ ቅዱስ ዮሴፍ አናጢ ነበር። በየዓመቱ ስሙን የምትዘክሩት ከሆነ ሙያውን በሐሰት አትያዙት። እንጨቱ ካልደረቀ «አልደረቀም» በሉ። የማትደርሱበትን ቀን አትቁረጡ። ልጅ አስጠግታችሁ ሙያውን በሚገባ አስተምሩት፤ ደመወዙንም አትቁረጡበት።

ወደ ባለገንዘቦቹ ልመለስ። በክልላችን ልጆች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። በሰሜኑ ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ወድሟል፣ ዴስኩ ማገዶ ሆኗል። ለአንድ የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ከባሕር ማዶ ወንበር የምታስመጡ ሰዎች፣ የዚያ ወጪ ሲሶው እዚህ ባለ የእንጨት ሥራ ማኅበር ስንት ዴስክ ያሠራ እንደነበር ጠይቁ። አዲስ ሆቴል የምትከፍቱም ብትሆኑ አንዱን ፎቅ ለአገር አናጢ ስጡት። ንድፉን በወረቀት ስጡት፤ የእንጨቱን ዓይነትና የምትረከቡበትን ቀን በውል አስፍሩ፤ እንጨቱን አድርቆ እንዲሠራ አስቀድማችሁ ጊዜ ስጡት። ቢያበላሽ መልሱለት፤ ቢያሳምር ስሙን ለጎረቤት ንገሩለት፤ ክፍያውንም ሳታጓትቱ በቀኑ ክፈሉት።

ክረምቱ ሳይገባ ሂዱና አነጋግሩት። እንጨቱ እስኪደርቅ ጊዜ ይፈልጋል።