ዓይን ያየውና ልብ የጨመረው

እውነትን የተናገረ ሰው ሁሉ እውነተኛ ምስክር ነውን? የተሳሳተስ ሁሉ ሐሰተኛ ነውን? ሰማይን የተመለከቱ ሰዎች ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልካም ማስረጃ ይሰጣል።

ጋሊልዮ የተባለው የኢጣልያ ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1610 ዓመት ዙሐልን፥ ይኸውም ሳተርን የሚባለውን ፕላኔት፥ በትንሽ መነጽር ቢመለከት ሦስት አካላት ጎን ለጎን ሆነው ታዩት፤ እንዳየውም አስታወቀ። በ1612 ግን በግራና በቀኝ የነበሩት ሁለቱ ጠፍተው ትልቁን ብቻውን አገኘው። እጅግ ተደነቀ፤ ግራ መጋባቱንም አልሸሸገም። ሆይጌንስ የተባለ የሆላንድ ሊቅ በ1659 ባሳተመው መጽሐፍ ፕላኔቱን ሳይነካ የሚከብበው ስስ ቀለበት እንዳለ ገለጠ። ይህ ቀለበት በ15 ዓመት ያህል አንድ ጊዜ ጠርዙን ወደ ምድር ሲያዞር ከስስነቱ የተነሣ ከዓይን ይሰወራል፤ በ2025 በማርች ወርም እንዲሁ ሆኖአል።

እንግዲህ ጋሊልዮ ተሳሳተ እንጂ አልዋሸም። ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ስለ ጻፈ፥ ኋላ የመጣው ሊቅ ስሕተቱን ለማረም ቻለ።

ዛሬ ደግሞ በጓሮው ትንሽ መነጽር የሚተክል ሰው ሌላ ፈተና አለበት። ካሲኒ በ1675 ያገኘውን፥ ቀለበቱን ለሁለት የሚከፍለውን ጥቁር መሥመር አስቀድሞ በሥዕል አይቶታል። አየሩ በሚናወጥበት ሌሊት መሥመሩ ሳይታየው «አየሁት» ብሎ ቢጽፍ፥ መሥመሩ በእርግጥ አለ፤ ምስክርነቱ ግን ሐሰት ነው።

ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ዊል ሄይ የተባለው እንግሊዛዊ ቀልደኛ ተዋናይ በ1933 በኦገስት 3 ቀን ለንደን በሚገኘው ቤቱ ሆኖ፥ 6 ኢንች ስፋት ባለው መነጽር በዙሐል ላይ አዲስ ነጭ ነቁጥ አየ፤ ሌሎችም አይተው አረጋገጡለት። ነቁጡ በማንም ሥዕል አልነበረምና፥ የሚያውቀውን ብቻ የሚያይ ሰው ባላስተዋለውም ነበር።

ከሰው የሰማውን «በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ በባልንጀራው ላይ በሽማግሌ ፊት የሚመሰክርም እንደዚሁ ነው። ወሬው እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ የእርሱ ቃል ሐሰት ነው፤ ወሬው ሐሰት ከሆነም ንጹሕ ሰው ይፈረድበታል። ስለዚህ ያዩትን አየን፥ የሰሙትን ሰማን፥ ያላዩትንም አላየንም ማለት ለምስክሮች ሁሉ ግዴታ ነው፤ የዳኛ ፍርድ የሚደገፈው በዚህ ነውና።