እናቱ ያለችለት የሙት ልጅ

ከቁምስናችን ወጣቶች አንዲቱ በባዕድ አገር በሚገኝ የሕፃናት ማሳደጊያ ለማገልገል ከደናግል እኅቶች ጋር ልትሄድ በተነሣች ጊዜ ቡራኬና ምክር ጠየቀችን። ቡራኬው ከካህኑ ዘንድ ወዲያው ተገኘ፤ ምክሩ ግን ከእኛ ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራኑ ዘንድ ዘገየ። የዘገየው የልጅቷን ቅንነት ተጠራጥረን አይደለም። የሙት ልጅን ማሳደግ የጽድቅ ሥራ መሆኑን የሚክድ ክርስቲያን የለም። ያስጨነቀን ሌላ ነገር ነው፦ በማሳደጊያው ደጅ የቆመው ሕፃን በእርግጥ የሙት ልጅ መሆኑን የጠየቀ ማን ነው? ሳይጠይቅ የተቀበለስ፣ በፍቅር ስለ ተቀበለ ብቻ ከበደል ነጻ ነውን?

ነገሩን ከሩቅ እንጀምር፤ ዓመታቱንም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን። በ1843 የናንሲ ጳጳስ የነበሩት ሻርል ደ ፎርቤን ዣንሶን በፈረንሳይ የቅዱስ ሕፃንነት ማኅበርን መሠረቱ። የአውሮፓ ሕፃናት ሳንቲማቸውን እያዋጡ፣ በቻይና በችግር ምክንያት የሚጣሉ ሕፃናት እንዲጠመቁና እንዲያድጉ ይረዱ ጀመር። ሕፃን ለማያውቀው ሕፃን እንዲያስብ ማስተማር ያማረ ሐሳብ ነው፤ ማኅበሩም እስከ ዛሬ አለ። በዚያ ዘመን በቻይና ከነበሩት የካቶሊክ ማሳደጊያዎች አንዱን በቲያንጂን ከተማ የሚመሩት የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል የፍቅር ሥራ ልጆች የሚባሉት እኅቶች ነበሩ። የእኛ አቡነ ያዕቆብ፣ ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ይኸው ቅዱስ ቪንሰንት የመሠረተው የካህናት ማኅበር አባል ስለ ነበሩ፣ ታሪኩ የሩቅ ሰዎች ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የቤተ ዘመድ ታሪክ ነው።

እኅቶች ብዙውን ጊዜ የሚቀበሉት የታመሙትንና ለሞት የቀረቡትን ነበር። ሰው ሕፃኑን ሜዳ ላይ ከሚጥል ወደ እነርሱ እንዲያመጣው በማለትም ለሚያመጣ ሰው ጥቂት ገንዘብ ይሰጡ ነበር። ጥቂት ነው፤ ለድሃ ግን ጥቂት የሚባል ገንዘብ የለም። ሕፃን ማምጣት ዋጋ ካለው ደግሞ፣ ሕፃኑን ከየት እንዳገኘው የማይናገር አምጪ መነሣቱ አይቀርም። በ1870 በከተማይቱ ልጅ ይሰረቃል የሚለው ወሬ በረታ፤ ሌቦቹም ከሚሲዮኑ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ይነገር ጀመር። በዚያው ዓመት በሽታ ገብቶ በማሳደጊያው ብዙ ሕፃናት ሞቱ፤ ሕዝቡም የሚቀበሩትን እንጂ የሚያድጉትን አላየም። የሕፃናቱን ዓይንና ልብ አውጥተው መድኃኒት ይሠሩበታል ተባለ። ጁን 21 ቀን 1870 ሕዝቡ በተሰበሰበበት የፈረንሳይ ቆንስል ሽጉጡን ተኮሰ፤ ሕዝቡም እርሱን ገደለው። ከእርሱ በኋላ ዐሥር እኅቶች፣ ካህናትና የአገሩ ተወላጅ ምእመናን ተገደሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑና ማሳደጊያው ተቃጠሉ። ነገሩን እንዲመረምር የታዘዘው ታላቁ ሹም ዜንግ ጉዎፋን፣ የዓይንና የልቡ ወሬ ከንቱ ሐሰት መሆኑን ለንጉሡ ጻፈ። ነገር ግን ጥርጣሬውን ያሳደጉትን ምክንያቶችም አብሮ ዘረዘረ፤ ከእነርሱ አንዱ የቤቱ በር ዓመቱን ሙሉ የተዘጋ መሆኑ ነበር።

እኅቶች ከተከሰሱበት ወንጀል ንጹሓን ነበሩ። ሕይወታቸውን የሰጡላቸውን ሕፃናት እየጠበቁ ሞቱ፤ እናከብራቸዋለን። ያም ሆኖ ያች ሳንቲም ከአእምሯችን አልወጣችም። እኅቶች በልባቸው ልጅ አልገዙም፤ ሕይወት ሊያድኑ ሰጡ እንጂ። ሕፃኑን ያመጣው ሰው ግን የሚያየው ሳንቲሟን ነው፤ ልባቸውን አያይም።

ይህ የጥንት ታሪክ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ወደ ሄይቲ እንውሰደው። ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 የመሬት መንቀጥቀጥ ዋና ከተማዋን ፖርቶ ፕረንስን ካፈራረሰ ከዐሥራ ሰባት ቀን በኋላ፣ ዐሥር አሜሪካውያን ክርስቲያኖች 33 ሕፃናትን በአውቶቡስ አሳፍረው ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሊሻገሩ ሲሉ ድንበር ላይ ተያዙ። የሄዱት የሙት ልጆችን ለማዳን ነበር። በኋላ ሲጣራ ግን ከሕፃናቱ የሚበዙት ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ያላቸው ሆነው ተገኙ፤ ወደየቤተሰባቸውም ተመለሱ። ሰዎቹ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጆች አልነበሩም፤ ይህን የምንጽፈው ግን ጣት ለመቀሰር አይደለም። የቲያንጂንን ታሪክ ያስቀደምነውም ለዚሁ ነው።

ካልባስ በምትባለው ተራራማ መንደር የሚኖሩት ወላጆች ልጆቻቸውን የሰጡት በፈቃዳቸው እንደ ነበር ተናገሩ፤ ትምህርት ቤት እንደሚገቡላቸው፣ ሄደውም ሊጠይቋቸው እንደሚችሉ ተነግሯቸው ነበር። ይህን የሰማ ብዙ ሰው «እናት ሆና እንዴት ልጇን ትሰጣለች?» ብሎ ፈረደባቸው። እኛም ከፈራጆቹ መካከል ነበርን። ቆይቶ ግን ለሕፃናት የሰሎሞንን ፍርድ ስናስተምር ቃሉ በአፋችን ደረቀ። ንጉሡ ሰይፍ ባስመጣ ጊዜ፣ ልጁ በሕይወት ይኑር እንጂ ለሌላይቱ ይሰጣት ብላ የጮኸችው እውነተኛይቱ እናት ነበረች። አሳልፋ መስጠቷ እናትነቷን አልሻረውም፤ እንዲያውም የገለጠው እርሱ ነው። የሰሎሞን ጥበብ «ውሰዱት» በሚለው ቃል ውስጥ የእናትን ድምፅ መስማቱ ነው፤ ሰምቶም ልጁን ለእርሷ መለሰ። እኛ ያንኑ ቃል ከድሃ እናት አፍ ስንሰማ «እናት የለውም» ብለን እንመዘግባለን። ሰይፉ ለአንዲቱ ረኃብ ነው፤ ለሁለተኛይቱ በሽታ ነው፤ ለሦስተኛይቱ የደብተርና የጫማ መግዣ ማጣት ነው። በሰይፍ ፊት የወጣን ቃል እንደ ፈቃድ መቁጠር የሰሎሞን ፍርድ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ኦሪት ዘጸአት ስሟን እንኳ ያልነገረን የፈርዖን ልጅ በዚህ ነገር መምህራችን ልትሆን ትችላለች። በወንዙ ዳር ያገኘችው ሕፃን ከሌላ ሕዝብ የተወለደ፣ በገዛ አባቷ ትእዛዝ ሞት የተፈረደበት ነው። አዘነችለት። እኅቱ ቀርባ የምታጠባው ሴት ልጥራልሽ ወይ ስትላት እሺ አለች፤ የመጣችውም የገዛ እናቱ ነበረች። የንጉሡም ልጅ ደመወዝ ቆረጠችላት። ድሃይቱ እናት የገዛ ልጇን ለማሳደግ ተከፈላት! የፈርዖን ልጅ ይህን ትወቅ አትወቅ መጽሐፉ አይናገርም፤ ገንዘቧ ግን ከቲያንጂን ሳንቲም በተቃራኒ መንገድ ሄደ። ያኛው ሕፃኑን ወደ ማሳደጊያው ደጅ ያመጣው ነበር፤ ይህኛው በእናቱ ክንድ አቆየው።

በእርግጥ ማንም የሌላቸው ሕፃናት አሉ። በመንገድ ዳር የተገኘን አራስ «እናቱን ፈልጉ» እያልን በብርድ አናሳድረውም። በዚያች ሌሊት ደጅ የሚከፍት ያስፈልጋል፤ በአገራችንም በሌላም አገር የከፈቱትን እግዚአብሔር ያክብራቸው። በነጋታው መጠየቅ ግን ይቻላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 የተቀበለው የሕፃናት አማራጭ እንክብካቤ መመሪያ፣ ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ ይናገራል። ዓለማዊው ጉባኤ ይህን ካለ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ያነሰ ልትል አትችልም።

ለምን አንጠይቅም? አንዱ ምክንያት ርዳታው የሚመጣበት መንገድ ነው። የብቸኛ ሕፃን ፎቶግራፍ የለጋሽን ልብ ይነካል፤ የእናቲቱ ፎቶግራፍ፣ ከጎኗ አንድ የልብስ ስፌት መኪና ወይም ሁለት ፍየሎች፣ ያን ያህል አይነካም። ሌላው ምክንያት በራሱ በሚሲዮናዊው ልብ ውስጥ ያለ ነው፤ መናገሩም ያሳፍራል። አገሩንና ቤተሰቡን ትቶ ለሄደ ሰው፣ ሕፃን አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ «አባዬ» ወይም «እማዬ» ሲለው ይጣፍጠዋል፤ የተጠራሁት ለዚህ ነው ያሰኘዋል። የወለደች እናት ከመጣች ይህ ጣዕም ይቀንሳል። ስለዚህ ሳናውቀው እንዳትመጣ እንመኛለን።

ቅድስት ዮሴፊና ባኪታ በዳርፉር በሕፃንነቷ በባሪያ ነጋዴዎች ተሰረቀች። «ባኪታ» በዓረብኛ «ዕድለኛ» ማለት ሲሆን፣ ይህን ስም ያወጡላት የሰረቋት ሰዎች ናቸው፤ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ከደረሰባት ድንጋጤ የተነሣ ረስታዋለች። ኖቬምበር 29 ቀን 1889 የቬኒስ ፍርድ ቤት ነጻ ሰው መሆኗን አረጋገጠ፤ የካኖሳ ደናግል በፍቅር ተቀበሏት፤ በ2000 ቤተ ክርስቲያን ቅድስናዋን አወጀች። የመጀመሪያ ስሟን የሚመልስላት ግን አልተገኘም።

ለልጃችን የሰጠናት ምክር በመጨረሻ አጭር ሆነ። ለሕፃኑ ስም ከማውጣትሽ በፊት ያለውን ስም ጠይቂ፤ የእናቱን፣ የአያቱን፣ የመንደሩን ስም ጻፊ፤ ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ በሩ ክፍት ይሁን፤ አለቃሽ «ይህ ሥራችን አይደለም» ብትልሽም በትሕትና ደግመሽ ጠይቂ አልናት። ባዶ ደብተር ገዝታ ሄደች።

ምክሩ ለምን እንደ ዘገየ ግን ገና አልተናገርንም። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሕፃናት ከአገራችን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ በሚሄዱበት ዘመን (ሕግ የከለከለው በ2018 ነው)፣ ስለ አንድ የአራት ዓመት ልጅ የምስክርነት ደብዳቤ እንድንጽፍ ተጠየቅን። አባቱ ሞቷል፤ እናቱ በጽኑ ታማለች። እናቲቱን እናውቃት ነበር፤ «ልጄ እንኳ ይትረፍ፣ ጻፉለት» ብላ የለመነችን ራሷ ናት። ጻፍን። «ታማለች» ያልነው በሌላ ሰው እጅ ሲገለበጥ «የለችም» ሆነ፤ አይተን ዝም አልን። ልጁ ሄደ፤ እናቲቱም ዳነች። በየዓመቱ ለመስቀል በዓል ወደ ቁምስናው ስትመጣ «ፎቶግራፍ ልከው ይሆን?» ብላ ትጠይቀናለች። አድራሻውን አናውቅም። አንድ ቀን እንኳ ወቅሳን አታውቅም። ባለፈው መስከረምም መጥታ ነበር።