ሳንጃውና ሠሪው



በሳንጃ የተወጋ ሰው ደም በማን እጅ ላይ ይቀራል? በወጊው እጅ ላይ ብቻ ነው ወይስ ብረቱን ቀጥቅጦና ሞርዶ ስለት ባወጣለትም ላይ? ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ ሰሞኑን ከእኛው ሰፈር፣ ከብረታ ብረት ክፍላችን ተነሥቷልና።

አንድ ተማሪያችን ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ታጣፊ ሳንጃ ሠርቶ አመጣ። ሥራው ያማረ መሆኑን መካድ አይገባም። ጠመንጃ በእጁ የለም፤ ንድፉን ያወጣው ከትዝታው ነው። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር መሥራት ኃጢአት ነው?» ሲል ጠየቀን።

ታጣፊ ሳንጃ አዲስ ነገር አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ፈረሰኞች አገራችን ይዘውት የገቡት አጭሩ ካርካኖ ከአፈሙዙ የማይለይ ታጣፊ ሳንጃ ነበረው። ሩሲያዊው ሲሞኖቭ በ1945 እ.ኤ.አ. የነደፈውና በስሙ የሚጠራው ጠመንጃም እንደዚሁ ነው። ተራው ሳንጃ በአፎቱ ሆኖ ከወታደሩ ወገብ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሊወጋ የፈለገ ሰው መጀመሪያ መምዘዝ፣ ቀጥሎም ከአፈሙዙ ላይ መሰካት አለበት። ታጣፊው ግን አፎት የለውም። በመምዘዝና በመሰካት መካከል የነበረችውን አጭር ጊዜ ማጠፊያው ወሰዳት። ለጦር አዛዥ ይህ ጥቅም ነው። እኛ ግን ሰው ሐሳቡን የሚለውጠው በዚያች ጊዜ ይመስለናል።

ከመምህራኑ አንዱ «ብረት ምን አደረገ? መጥረቢያም ሰው ይገድላል» ሲል ተከራከረ። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን መጥረቢያ እንጨት ይፈልጣል፣ ካራ ሽንኩርት ይከትፋል። የከሰላ ቀጥቃጮች ከዚያው ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ሰይፍ እንኳ ለሰርግ ጭፈራ ይመዘዛል። ከጠመንጃ ጋር የተጣበቀ ሳንጃ ግን ከመውጋት በቀር ምን ሥራ አለው?

ይህን ብለን ብናቆም ነገሩ ባለቀ። ነገር ግን በጠላት ዘመን ለአርበኛው ጎራዴ የሳለውን፣ ጠመንጃ የጠገነውን ቀጥቃጭ ምን ልንለው ነው? እጅህን ሰብስብ ልንለው አንችልም። ደግሞስ ይህ ሰው ከአገሩ ያገኘው ምንድን ነው? ጦሩን ይቀበሉታል፣ እሱን ቡዳ ይሉታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። የጀግንነቱን ክብር ያልተካፈለ ሰው የደሙን ዕዳ ይካፈል ማለት፣ እንደ እኛ አስተያየት፣ ግፍ ነው።

የጋፋትን ነገር እናስታውስ። ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ ወንጌልን ከእጅ ሙያ ጋር ሊያስተምሩ የመጡ አውሮፓውያን ነበሩ። አፄ ቴዎድሮስ ግን መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። አናውቅም ቢሉም አልተቀበሏቸውም። በመጨረሻ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አቀለጡ፤ ሰው እየጎተተው መቅደላ ወጣ፤ ዛሬም እዚያው ነው። እነዚህ ሰዎች በንጉሥ እጅ ነበሩ፣ ሚስትና ልጆች ነበሯቸው። እኛ ድንጋይ አናነሣባቸውም። የእኛ ተማሪ ግን ማንም አላስገደደውም፤ እምቢ ማለት ይችላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

መንግሥት አዝዞኛል ማለትስ ያነጻል? ካላሽኒኮቭ ብዙ ዘመን እንቅልፍ የሚነሣኝ ነገር የለም ሲል ኖሮ፣ በስተርጅናው ለሩሲያ ፓትርያርክ ደብዳቤ ጻፈ። ለሞቱት ሰዎች እኔ እጠየቅ ይሆን ወይ ነበር ጭንቀቱ። ደብዳቤው በጋዜጣ የወጣው እሱ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ነው። ከቤተ ክርስቲያኒቱ በኩል የተሰጠው መልስ፣ መሣሪያው አገርን ለመከላከል እስከዋለ ድረስ ሠሪውንም ተሸካሚውንም እንደግፋለን የሚል ነበር። መልሱ አላረካንም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ኦጋዴን ላይ ከወዲህም ከወዲያም ይተኮስ የነበረው የዚሁ የአንድ ሰው ጠመንጃ ነው። ሁለቱም ወገን አገሬን እከላከላለሁ ይል ነበር። ታዲያ ሠሪው የተደገፈው በየትኛው በኩል ነው?

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። የሠሪው ድርሻ ከወጊው ያነሰ ነው፣ ግን ባዶ አይደለም። የሚለካውም በሁለት ነገር ነው፦ እምቢ ለማለት በነበረው ዐቅምና የሚቀበለውን ሰው በማወቁ። ለማያውቀው እጅ፣ ለገበያ፣ ስለት የሚያወጣ ሰው «አላወቅሁም» ቢል አንሰማውም፤ አለማወቁን ራሱ መርጦታልና። ስለዚህ በክፍላችን ሳንጃ አይሠራም። ማጠፊያ ግን እናስተምራለን፤ በርም በማጠፊያ ነው የሚከፈት። በዚህ ሳምንት ተማሪዎቹ ከበርሜል ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ጀምረዋል፤ ያው ልጅ ከሁሉ ቀድሟል።

ይህን ስናነብላቸው ከሌሊት ዘበኞቹ አንዱ ብድግ አሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ በር እየተሰበረ ቤት ሲዘረፍ ያዩ ሰው ናቸው። «የኔ ልጆች፣ እናንተ ስለ ሠራ ሰው ጻፋችሁ። መሥራት እየቻለ ስላልሠራው፣ እኛም በትር ብቻ ይዘን ስላደርንበት ሌሊት ማን ይጠየቃል?» አሉን። ሽማግሌው የሚያውቁት እጅ ነው፣ የሚጠብቁትም እኛኑ ነው፤ ከላይ ያወጣነው መለኪያ እሳቸውን አይከለክልም። ሳንጃውን ግን እስካሁን አልሰጠናቸውም፤ ከመምህራኑም ሁለቱ ይሰጣቸው ይላሉ። አሳብ ያላችሁ እስከሚቀጥለው እትም ጽፋችሁ ላኩልን። ወረቀት ያጣችሁ በዚሁ ገጽ ጀርባ ላይ ጻፉ።